«አይ አም ፋይን» ለእናቴ

እንግሊዝኛ እንልመድ ብለን ከጓደኞቼ ጋር ሕግ አወጣን፤ እስኪመሽ ድረስ በሌላ ቋንቋ የተናገረ ለሁላችንም ጁስ ይጋብዛል። አርባ ምንጭ፣ አንድ ጁስ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠን ስንኮላተፍ፣ እናቴ አፕል ተሸክማልኝ ከጨንቻ ወርዳ ከች አትል መሰላችሁ! በጋሞኛ፣ «ልጄ፣ ደህና ነህ ወይ?» አለችኝ። እኔ ሆዬ ጋባዥ እንዳልሆን ብዬ ከመቀመጫዬ ሳልነሳ፣ «አይ አም ፋይን፣ ታንክ ዩ! ሃው አር ዩ?» አልኳት። ጓደኞቼ በሳቅ ፈነዱ።

እሷ አልሳቀችም። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወደ ጓደኞቼ ዞራ በአማርኛ፣ «ልጆቼ፣ ልጄ ሲመጣ ይህን ስጡልኝ» ብላ መንገዷን ቀጠለች። የምገባበትን አጣሁ። ሮጬ ባጃጅ ስትሳፈር ደረስኩባት፤ ያኔ ግን እንኳን እንግሊዝኛው ጋሞኛውም ጠፋኝ።