ወደ ዓሣ ነባሪው በባዶ እጅ

«አልቀጥልም ካልኩ አልቀጥልም፣ እትዬ! ያቺን ዓረፍተ ነገር ያስወጧት!»

«ድምፅሽን ቀንሺ፤ አባትሽ ገና አልተቀበረም» አሉ የሟቹ ታላቅ እህት፣ ወይዘሮ ለተማርያም። «ወንድሜ ያቀናው ሥራ አብሮት ይቀበር ነው የምትይው?»

«እኔ ጀልባ ላይ ያስመልሰኛል።»

«እሱንስ አያስመልሰውም ነበር? እያስመለሰው አይደል ዕድሜውን ሙሉ የሠራው!»

ቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሟቹን የሕይወት ታሪክ የያዙት የዕድሩ ዳኛ፣ አቶ ሽመልስ፣ አንዴ አክስቲቱን አንዴ ልጅቷን ሥርጉትን ያዩ ጀመር። ያቺ ዓረፍተ ነገር ሥርጉት የአባቷን ሥራ ልትቀጥል ቃል ገብታለች ትላለች። ሥርጉት ግን ቃል አልገባችም። አባቷን ለማስታመም ብላ ያቋረጠችውን የፋርማሲ ትምህርት በሚቀጥለው ወር ልትጀምር ነው። ቀብር ላይ በሰው ሁሉ ፊት ከተነበበ በኋላ ግን ሐረር ውስጥ ማን ይለቃታል?

አስከሬኑ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ እንደደረሰ አቶ ሽመልስ መነጽራቸውን አድርገው ቆሙ። ወይዘሮ ለተማርያምም አጠገባቸው ቆሙ።

«አቶ ሚልኪያስ ለገሠ ከአባታቸው ከሃምሳ አለቃ ለገሠ ወርቄና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ደምሴ በ1953 ዓ.ም. ፈላና በር አካባቢ ተወልደው፣ በዚሁ በከተማችን ትምህርታቸውን ተከታትለው፣ ከዚያም የጭነት መኪና ሹፌር በመሆን በጅቡቲ መንገድ ለረጅም ዘመን አገልግለዋል። በአንድ የኅዳር ወርም ጭነታቸው እስኪራገፍ በባሕሩ ዳርቻ ሲጠብቁ፣ ሰዎች በጀልባ ሆነው አንድን ግዙፍ ባለነጠብጣብ የባሕር ፍጥረት፣ የሻርክ ወገን ሆኖ ሳለ እሳቸው በቀላሉ ዓሣ ነባሪ ይሉት የነበረውን፣ ዙሪያውን ከብበው መውጫ አሳጥተውት፣ አንዱ ክንፉን ሲይዝ ሌላው ጀርባው ላይ ሊወጣ ሲታገል አይተው እጅግ አዝነው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ የጭነት መኪናውን ትተው፣ ሰው በሚኒባስ ከሐረር ወደ ጅቡቲ ባሕር እየወሰዱ፣ ፍጥረቱን ሳያስጨንቁ ማስጎብኘትን ሥራቸው አደረጉ።

«ለጉዞ የተመዘገበ ሁሉ አስቀድሞ ሳሎናቸው ተቀምጦ ይዘጋጅ ነበር፤ አቶ ሚልኪያስም እንግዶቹ ሞተሩን ከሩቅ የሚያጠፋ ባለጀልባ ካልተገኘ እንደማይሳፈሩ፣ ውሃው እንዳይበከል የጠጉር ቅቤና ሽቶ ታጥበው እንዲመጡ፣ ሆዳቸው እንዳይረበሽ ጠዋት ጥቂት ብቻ እንዲቀምሱ፣ ፍጥረቱን እንዳይነኩ፣ ሲሄድ እንዳያሳድዱ፣ ጨርሶ ሳይታይ መመለስም እንዳለ በትዕግሥት ያስረዱ ነበር። አውሬን መጎብኘት ማለት፣ እንደ ጅቦቹ፣ ማብላት በሆነበት በእኛ ከተማ ግን ትልቁ ፈተና ባዶ እጅ መሄድ ስለነበር፣ በመጀመሪያው ጉዞ ከሶፊ ገጠር የመጡ አንድ ገበሬ ለዓሣ ነባሪው ሙሉ የፍየል ታፋ ይዘው ቢገኙ...»

«ወላሂ እኔ ነኝ!» አሉ አቶ ነስሮ ከኋላ፣ እንባቸውን እየጠረጉ። «ባዶ እጄን ሰው አገር ልግባ ወይ አልኳቸው። ታፋዬን ለጅብ ሰጥተው ሳቁብኝ። አላህ ይርሐማቸው!»

ለቀስተኛው እያለቀሰ ሳቀ። ሥርጉትም ሳቀች፤ ዓይኗ ከአክስቷ ዓይን ሲገጥም ግን ሳቋ ጠፋ።

«አቶ ሚልኪያስ በ1990 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሥራዬ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል፤ ባለቤታቸውም ከእሳቸው ቀድመው ዐርፈዋል። ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ አጋጥሟቸው ከአልጋ በዋሉ ጊዜ፣ ልጃቸው ትምህርቷን አቋርጣ፣ እሳቸውን እያስታመመች፣ ጉዞውንም እየመራች ስትደክም ቆይታለች፤ እሳቸውም ትናንት ዓርብ በተወለዱ በስድሳ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።»

አቶ ሽመልስ እዚህ ላይ ቆሙ። ቀና ብለው ሥርጉትን አዩ። አያንብቡት በሚል ራሷን በቀስታ ነቀነቀች። የወይዘሮ ለተማርያም ጣት መጥቶ ወረቀቱ ላይ አረፈ።

«ያንብቡት እንጂ፣ ጋሼ ሽመልስ። ሰው እየጠበቀ ነው።»

ሰው በእርግጥም እየጠበቀ ነበር። አቶ ሽመልስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጃቸው ወይዘሪት ሥርጉት ሚልኪያስም የአባቷን ሥራ በዚያው ሥርዓት ልትቀጥል ቃል ገብታለች። አቶ ሚልኪያስ ይህችን ልጃቸውን፣ እህታቸውን ወይዘሮ ለተማርያምን፣ እንዲሁም የሚወዷቸውን ጎረቤቶችና ወዳጆች ትተው ሄደዋል። ድካማቸውን የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም መጽናናቱን ይላክልን።»

«አሜን» አለ ሰው ሁሉ።

«የአባቷ ልጅ!» አለች አንዲት ሴት።

«ማሻአላህ! እኔን መጀመሪያ መዝግቢኝ፣ ልጄ» አሉ አቶ ነስሮ።

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ከቀኝም ከግራም እጆች ትከሻዋ ላይ አረፉ። ሥርጉት ነጠላዋን ሰብስባ ስትነሳ፣ ወደ መቃብሩ የምትቀርብ መስሏቸው መንገድ ለቀቁላት።

መቃብሩን አለፈችው። በሩ ላይ የቆመውን የአባቷን ሚኒባስም አለፈችው።

«ሥርጉት!» አሉ ወይዘሮ ለተማርያም።

ሥርጉት አስፋልቱን ተሻግራ ቁልቁል ወረደች።