ሽቦ ስለዋጠው የሳሎን ግድግዳ የተሰጠ ቃል

የምስክሯ መጠሪያ፦ ምስጥ (ለአካለ መጠን ስላልደረሰች ሙሉ ስሟ በተለየ ወረቀት ተይዟል)
ዕድሜ፦ 16
ሥራ፦ ተማሪ
አድራሻ፦ ከብሎኬት ማምረቻው ጀርባ፣ ገና ካላለቀው ባለ አንድ ፎቅ ቤት አጠገብ ያለው የኪራይ ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ረቡዕ፣ መጋቢት 10 ቀን፣ ጠዋት
አብራ የቀረበች አዋቂ፦ የአባቷ እናት
ቃል ተቀባይ፦ የጣቢያው ተረኛ ሳጅን

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ እንዲያውም የቤቱ ሰው ሁሉ እንዳልመጣ እየከለከለኝ፣ በገዛ እግሬ ቀርቤ ቃሌን እሰጣለሁ። ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባቴ በፊት ግን ሕሊናዬን ሲቆረቁረኝ ያረፈደ አንድ ከባድ ጥፋት አለና በፈቃዴ አምናለሁ። ዛሬ ማለዳ ብቻዬን ስመጣ፣ ልጅ ያለ አዋቂ ቃል አይሰጥም ተብዬ ተመለስኩ። አባቴ አልሄድም አለ። እናቴ በአባትሽ ቤተሰብ ነገር ውስጥ እጄን አላስገባም አለች። በዚህ ምክንያት አያቴን "ዓይን ሐኪም ቤት እንሂድ" ብዬ አታልዬ ወደዚህ ጣቢያ አምጥቻታለሁ። በሩ ላይ ስንደርስ "ይሄ ዶክተር ነጭ ጋዋን የለውም እንዴ?" ብላ ጠይቃኝ፣ "የዓይን ሐኪሞች ዘንድሮ ሰማያዊ ነው የሚለብሱት" ብዬ መልሻለሁ። አሁን አግዳሚው ወንበር ላይ ተደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ተራዋን እየጠበቀች ነው። እንቅልፍ የወሰዳት ይመስላል። ሳጅን ይህ ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም ቢሉም፣ እውነቱን ሁሉ ተናገሪ ያሉኝ እሳቸው ስለሆኑ እንዲጻፍልኝ ጠይቄ ተጽፏል።

ቃሌን የምሰጠው ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እዚሁ ጣቢያ ታስሮ ስላለው ኤሌክትሪሺያን ነው። ከኋላ ካለው ክፍል ሲስል አሁንም ይሰማኛል። ሰፈሩ "ወንፊት" ይለዋል፤ የገባበትን ቤት ግድግዳ ሁሉ ወንፊት አድርጎ ስለሚወጣ ነው። የተከሰሰው ለአዲሱ ቤታችን የተገዛውን የኢንተርኔት ገመድ ግድግዳ ውስጥ ሳይቀብር ወስዶታል ተብሎ ነው። የከሰሰው የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። ይህን አጎቴን ቤተሰቡ "ኢንጂነር" እያለ ይጠራዋል። ኢንጂነሪንግ አልተማረም፤ ዕድሜውን ሙሉ ሴራሚክ ሲሸጥ ኖሮ ሱቁን ዘግቷል። ሆኖም አባቴ የሚሠራው ከከተማ ውጭ ስለሆነ ግንባታውን ተቆጣጠርልኝ ብሎ አደራ ሲለው፣ በማግስቱ ሄልሜት ገዝቶ አደረገ። ምሳ ሲበላም አያወልቀውም። ጣራው ገና ስላልተሠራ ከሰማይ ምን ይወድቅብኛል ብሎ እንደሚሰጋ አላውቅም፤ ጣራው ከተሠራ በኋላም አላወለቀውም።

ወንፊት ሽቦ ከመዘርጋቱ በፊት የራሱ የሆነ አሠራር አለው። ቤቱ ገና እርቃኑን ብሎኬት ሳለ ቤተሰቡን በሙሉ ጠርቶ "እስቲ ኑሩበት" ይላል። ማለትም እያንዳንዱ ሰው ቤቱ አልቆ እንደገባበት ሆኖ የሚቀመጥበት ይቀመጣል፣ የሚተኛበት ይተኛል፣ እጁን ይዘረጋል። እጁ ያረፈበት ላይ ወንፊት በጠመኔ ምልክት ያደርጋል። ሶኬቱም ማብሪያ ማጥፊያውም እዚያው ይወጣል። እኛም አባቴ በመጣበት አንድ ቅዳሜ ኖርንበት። እናቴ ባዶ ግድግዳ ፊት ቆማ የሌለ ሽንኩርት ከተፈች። ኢንጂነር የሲሚንቶ ከረጢት ላይ እግሩን አነባብሮ የሌለ ቴሌቪዥን አየ፤ ቆይቶም ወደ እኔ ዞሮ "ድምፁን ቀንሺው" አለኝ። አያቴ ሳንቃ ላይ ተጋደመች። ዓይኗ ስለደከመ ለማየት አልሞከረችም፣ ዝም ብላ እጇን ወደ ጎን ሰደደች። ወንፊት ጎንበስ ብሎ እጇ ያረፈበት ላይ የማብሪያ ማጥፊያ ምልክት አደረገ። ይሄኔ ኢንጂነር ቴሌቪዥኑን ትቶ መጣ።

"ምንድነው ይሄ? በጣም ዝቅ አለ። ማብሪያ ማጥፊያ የራሱ ሕግ አለው፣ ደረት ላይ ነው የሚሆነው።"

"ሕጉ በጨለማ ተነስቶ ሽንት ቤት አይሄድም፤ የሚሄዱት እማማ ናቸው" አለ ወንፊት።

ወንፊት ትሑት ሰው አይደለም። ይህን ከተናገረ በኋላ እሱ በሠራው ቤት ውስጥ መብራት ፍለጋ ግድግዳ የሚዳብስ ሰው ከተገኘ መሮውን እንደሚውጥ ፎክሯል። መሮው ከክንዴ ይረዝማል።

የእኔ ተራ ሲደርስ ሳሎኑ ጥግ ወለሉ ላይ በሆዴ ተኛሁ። የማጠናው እንዲህ ተኝቼ ነው፤ ሳጅን "የማጠናው" ብለው እንዲጽፉልኝ አደራ ብያለሁ። እጄ የደረሰበት ላይ የኢንተርኔት መሰኪያ እንዲወጣልኝ ጠየቅሁ። ገመዱ ከደረጃው ሥር ካለችው ትንሽ ቁም ሳጥን ተነስቶ በግድግዳው ውስጥ እስከ እኔ ጥግ ይመጣል ማለት ነው። ኢንጂነር ሄልሜቱ እስኪነቃነቅ ሳቀ። "ኢንተርኔት በአየር በሚሄድበት ዘመን ሽቦ ትቀብሪያለሽ? ዋይፋይ እኮ ግድግዳ ይበሳል፣ ልጄ!" እኔም "ጋሼ፣ የእኛ ቤት ዋይፋይ እንዳንተ ቃል ነው፤ በር ላይ ሲደርስ ያልቃል" አልኩት። አባቴ ሳቁን በሳል ሸፈነና ገመዱ እንዲገባ ፈቀደ። ከዚያ በኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ ከዚያች ሳል የመነጨ ነው ብዬ አምናለሁ። ሳጅን ግምት አይጻፍም ብለዋል። ግምት መሆኑ ይጻፍልኝ።

ወንፊት በጠመኔው ምልክት መሠረት ግድግዳውን ፈልፍሎ ቱቦ ቀበረ። በቱቦው ውስጥ ገመዱን አሳለፈ። በየምልክቱ ላይ አፉ ክፍት የሆነ ሳጥን ተከለ፣ የገመዱንም ጫፍ ጠምጥሞ ሳጥኑ ውስጥ አስተኛ። ግድግዳው ከተለሰነ በኋላ ተመልሶ ክዳን ሊገጥም ነበር። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ የእኔን ገመድ ከወዲያኛው ጫፍ የጎተትኩት እኔው ነኝ። ሆኖም ኢንጂነር ለዚያ ሳሎን ግድግዳ የፏፏቴ ሥዕል ገዝቶ ነበር። ሥዕሉ ከአልጋዬ ይሰፋል። ፏፏቴ ሥር የሶኬት ቀዳዳ ከታየ ውበቱ ይጠፋል ይላል።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ከሰዓት በፊት ኢንጂነር ለሳኙን ሳሎን ውስጥ አቁሞ፣ "ይሄን ግድግዳ እንደ እንቁላል አድርግልኝ፤ አንዲት ቀዳዳ እንዳላይ" አለው። ለሳኙ "ሳጥኖቹስ?" ሲለው፣ "ድፈናቸው፣ ኃላፊነቱ የኔ ነው" አለ። ይህን በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። የት ቆመሽ ሰማሽ ተብዬ ለተጠየቅሁት፣ በሩ ጀርባ ቆሜ ነው። ሳጅን ቤቱን ሄደው ስላዩት በሮቹ ገና አልተገጠሙም ቢሉኝ፣ በሩ ወደፊት ከሚሆንበት ቦታ ጀርባ ነው። ማክሰኞ ትምህርት ቤት አልነበርሽም ወይ ተብዬ ለተጠየቅሁት፣ ሆዴን አሞኝ ቀርቻለሁ። ሌላ የሰማ ሰው አለ ወይ ተብዬ ለተጠየቅሁት፣ ለሳኙ ሥራውን ጨርሶ ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል፣ ስልኩም አይነሳም። አያቴ ፀሐይ ልትሞቅ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ ዓይኗ ስለማያይ ግን እሷን መጠየቅ ጊዜ ማባከን ነው። እዚህ ላይ ሳጅን ብዕራቸውን አስቀምጠው ትኩር ብለው ተመልክተውኛል። እኔም ተመልክቻቸዋለሁ።

ከትናንት ወዲያ ሰኞ፣ አባቴ ከሥራው ፈቃድ ወስዶ በመጣበት ቀን፣ ወንፊት ክዳኖቹን በጆንያ ተሸክሞ መጣ። ሳሎን ገብቶ ግድግዳውን ሲያይ ጆንያውን ለቀቀው።

"ሳጥኖቼን ማን በላቸው?"

አባቴ ማን አስደፈናቸው ብሎ ጠየቀ። ኢንጂነር ሄልሜቱን አስተካክሎ፣ "የሚደፈን ነገርማ አልነበረም። ለሳኙ ሲገባ ግድግዳው ባዶ ነው" አለ። ወንፊት ከደረጃው ሥር ያለችውን ቁም ሳጥን ከፍቶ የተንጠለጠሉትን የገመድ ጫፎች አሳየ። ኢንጂነር፣ "አያችሁ? ጭራውን ሰቅሎ በሬውን በልቶታል!" አለ። ወንፊት "በሬው ግድግዳው ውስጥ ነው፣ ልፈልፍልና ላሳያችሁ" ብሎ መሮውን ሲያወጣ፣ ኢንጂነር እጁን ዘርግቶ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ቃል ቃልን ወለደና ፖሊስ ተጠራ። አባቴ ጎንበስ ብሎ የወደቁትን ክዳኖች መልቀም ጀመረ። አባቴ ታላቅ ወንድሙ ፊት ሲቆም የእኔ እኩያ ይሆናል፤ እንዲያውም እኔ እበልጠዋለሁ። ወንፊት ሲወሰድ ጎረቤቱ ሁሉ አጥር ላይ ተሰቅሎ ያይ ነበር። ከእነሱ መካከል ቤት እያሠሩ ያሉ፣ ነገ ከነገ ወዲያ እሱን ሊቀጥሩ ያሰቡ አሉ። አንዷ "እኛ ቤት ሳይገባ ታወቀበት" ስትል ሰምቻታለሁ። ሌባ የተባለን ኤሌክትሪሺያን ማን መኝታ ቤቱ ያስገባል? ቢፈታ እንኳ ይህ ካልጠራ በዚህ ከተማ አምፖል የሚያስቀይረው አያገኝም።

ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ ኢንጂነር መሰላል ላይ ወጥቶ ፏፏቴውን እየሰቀለ ነበር። አባቴ መሰላሉን ይዞለታል። እናቴ ደረጃው ሥር አቧራ ትጠርጋለች። መዶሻ ይዤ ገባሁና ጥጌ ሄጄ ወለሉ ላይ በሆዴ ተኛሁ። ያን ቅዳሜ እንዳደረግሁት እጄን ዘረጋሁ። እጄ ባረፈበት ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግሁ።

"ምን ሆነሽ ነው የተጋደምሽው?" አለ ኢንጂነር ከላይ።

"እየኖርኩበት ነው" አልኩትና መታሁ።

እንቁላሉ ተሰበረ። ልስኑ ፍርክስክስ ሲል ሳጥኑ አፉን ከፈተ፤ ገመዱ ወንፊት ጠምጥሞ እንዳስተኛው ውስጡ ተኝቷል። ይዤ ሳብ አደረግሁት። እናቴ ከደረጃው ሥር "ኡ! ጭራው ተንቀሳቀሰ!" ብላ መጥረጊያዋን ጣለች። በሬው ከነጭራው ተገኘ ማለት ነው። ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል ብዬ ነበር። ኢንጂነር ግን ከመሰላሉ እየወረደ፣ "ይሄማ የባሰ ነው! ቤታችንን ሊያበላሽ ራሱ ደፍኖ ቀብሮታል!" አለ። ሰኞ ሌባ የነበረው ሰው ማክሰኞ ቀባሪ ሆነ። ክሱ ተለወጠ እንጂ ሰውየው አልተፈታም። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ የቀረው ማን አስደፈነ የሚለው ላይ ነው። ያስደፈነው ኢንጂነር ነው። ሰምቻለሁ ብያለሁ፣ ሰምቻለሁ።

ግድግዳውን በመስበርሽ ተጸጽተሻል ወይ ተብዬ ለተጠየቅሁት፣ አልተጸጸትኩም። ሳጅን በደግነት "በልጅነት ስሜት ተነሳስቼ" ተብሎ ቢጻፍ ይሻልሻል ብለውኝ ነበር፤ አልተቀበልኩም። አስቤበት ነው የመታሁት። የተቀሩትንም ሳጥኖች አውቃቸዋለሁ። ወንፊት ካልተፈታ እያንዳንዱ ሰው የኖረበትን ቦታ እየዞርኩ እመታለሁ፤ የምጀምረውም ኢንጂነር ቴሌቪዥን ካየበት ነው። ታላቅን ማክበር አልተማርሽም ወይ ለሚለኝ ተምሬአለሁ። ወንፊትም ታላቄ ነው።

ከላይ የሰፈረው ቃሌ ተነቦልኝ አድምጫለሁ። ያየሁትን በዓይኔ ያየሁት፣ የሰማሁትን በጆሮዬ የሰማሁት መሆኑን በፊርማዬ ላረጋግጥ ብዕሩን ሳነሳ፣ አያቴ አግዳሚው ላይ እንደተደገፈች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ እንዲህ ስትል ተናግራለች፦

"ዶክተር፣ አያስፈርሟት። ያን ማክሰኞ ትምህርት ቤት ነበረች፤ ምሳ ዕቃዋን የቋጠርኩላት እኔ ነኝ። መስኮቱ ሥር ተቀምጬ 'ድፈናቸው' ሲል የሰማሁት እኔ። ዓይኔ ነው የደከመው፤ ጆሮዬ ምን ሆነ? ለሷ ነግሬያት፣ በልጄ ላይ ፖሊስ ፊት አልቆምም፣ ሆድሽ ይቻለው ብያት ነበር። ይኸው በኔ ቦታ ልትዋሽ መጣች። ዓይን ሐኪም ቤት 'ተከሳሽ' ሲባል ሰምቼ አላውቅም፣ ሞኝ አይደለሁም። ያ ውስጥ የሚስለው ሰው ጨለማዬን አስቦ ማብሪያ ዝቅ ያደረገልኝ ነው። ይጻፉ፦ ልጄን የወለድኩት እኔ ነኝ፣ የምናገርበትም እኔው ነኝ።"

እኔ ምስክር በበኩሌ፣ አያቴ ይህን የተናገረችው በእንቅልፍ ልቧ ስለሆነ በመዝገብ እንዳይያዝ፣ ልጇን ከሳሽ እንዳትሆንም እጠይቃለሁ። ማክሰኞ በሩ ጀርባ ቆሜ የሰማሁት እኔ ራሴ ስለመሆኔ አሁንም በድጋሚ አረጋግጣ—

"ምስጥ!" አለች አያቴ።