ባላምባራስ አካለ ወልድ ያለ ጉዳይ የወጡበት ቀን

በ፲፱፻፴ ዓመተ ምሕረት በጥቅምት ወር ከይጁቤ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ስሄድ፣ ጎረቤቴን ባላምባራስ አካለ ወልድን በበቅሎ ተቀምጠው ሲመለሱ አገኘኋቸው። ፊታቸው በቁጣ ቀልቷል። ከኋላቸው የአሥራ ሰባት ዓመት ልጃቸው ሥራነሽ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ እያለቀሰች በእግሯ ትከተላለች።

እኔ የኔዓለም እባላለሁ። አዲስ አበባ ተማሪ ነበርሁ፤ ጣሊያን ሲገባ ትምህርት ቤታችን ተዘጋና ወደ ይጁቤ ተመልሼ ለመንደሩ ልጆች ፊደል አስቆጥር ነበር። ባላምባራስን እንደ አባት አከብራቸዋለሁና መንገድ ለቅቄ እጅ ነሣሁ።

«እንደምን ዋሉ፣ ባላምባራስ? በደኅና ነው?»

«ምን ደኅና አለ፣ ልጄ! ይህችን ከመንገድ ይዤ መመለሴ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ፈረንጁ ነጭ ሸራ ወጥሮ፣ በሸራው ላይ ሰው ሲሮጥ ፈረስ ሲጋልብ ያሳያል አሉ። እሱን ልታይ፣ ዶሮዎቿን ሸጣ ለመግቢያው ሊሬ ቋጥራ፣ ብቻዋን ስትገሰግስ ደረስሁባት።»

ቁጣቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። በዚያ ዘመን ደብረ ማርቆስ በወታደር ተሞልታ ነበር፤ ወደዚያ ብቻዋን የሄደች ልጃገረድ እንደ ሄደች ልትቀር ትችላለች። ይሁን እንጂ ልጅቱን ከቤት ያስወጣት ምን እንደሆነ አባቷ አልጠየቋትም ነበር።

«ባላምባራስ፣ ዛሬ ደረሱባት። በሚመጣው ሳምንትስ?» አልሁ።

«በሩን እዘጋዋለሁ! ሰው ከቤቱ የሚወጣው ለቤተ ክርስቲያን፣ ለገበያ፣ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ነው። ያለ ጉዳይ መንገድ መውጣት የሥራ ፈት ነው።»

«አገር ማየትስ ጉዳይ አይደለም?»

«አገሬን አርሰዋለሁ፤ ምኑን አየዋለሁ?»

ይህን ጊዜ ሥራነሽ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች።

«አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። የፈረንጅ ፍቅር አድሮብኝ አይደለም። ከተወለድሁ ጀምሮ ከምንጩና ከገበያው በቀር የማውቀው የለም። ነይ ይህን እዪ ብሎ የጠራኝ ሰው የለም። የጠራን ፈረንጁ ብቻ ነው።»

ባላምባራስ ዱላቸውን ሊያነሡ ቃጡና ተዉት። የበቅሎዋን ልጓም ብቻ ይጠቀልሉ ጀመር። እኔም ይህን እንደ ፈቃድ ቆጥሬ ቀጠልሁ።

«ልጅዎ እውነቷን ነው። ፈረንጁ ሸራውን የወጠረው ለኛ አስቦ አይደለም። የሱን የጭነት ካሚዮንና የሱን ጦር አይቶ አፉን የከፈተ ልጅ፣ የገዛ አገሩ ባዶ ይመስለዋል። ይህ ደግሞ ከጦር ይብሳል።»

«እሺ፣ እዚህ ምን የሚታይ አለ? ይጁቤ ጭቃና ጤፍ ናት!»

«ከቤትዎ የሁለት ሰዓት መንገድ የማይሞላ ፏፏቴ አለ። አይተውታል?»

«ሲወራ ሰምቻለሁ።»

«ከዚያ ወዲያ ግድግዳዋ እስከ ጣሪያው በሥዕል የተሞላ ቤተ ክርስቲያን አለች። ገብተዋል?»

«ደብሬ አይደለችም፤ ምን ልሠራ እገባለሁ?»

«ከሷም ወዲያ ምድሩ ተቆርጦ የዓባይ በረሃ የሚታይበት አፋፍ አለ።»

«ስንት ያስወጣል?» አሉ፣ የነገሬን ወጥመድ ያገኙ መስሏቸው ፈገግ ብለው።

«በሶና አንድ ቅል ጠላ፤ ለቤተ ክርስቲያኗም ጧፍ። ለመድኃኔ ዓለም በዓል ስለማይታረስ ሥራዎም አይበደልም። ካልወደዱት ሁለተኛ አላነሣብዎም።»

ልጅቱን አዩዋት፤ መንገዱን አዩት። «በቅሎዬን ታየች ትቀመጥባታለች» አሉ። እሺ ማለታቸው ነበር። ወይዘሮ ታየች ባለቤታቸው ናቸው።

የመድኃኔ ዓለም ዕለት ቅዳሴ እንዳለቀ አራታችን ተነሣን። ሥራነሽ መሬቱ አልበቃት ብሎ ከፊት ትሮጣለች። ባላምባራስ ግን ሰው ባዩ ቁጥር ያፍሩ ነበር። ሙላት የሚባል ጎረቤታቸው ከአጥሩ ብቅ ብሎ፣ «ባላምባራስ፣ ከነቤተሰብዎ! ማን ሞተ?» ሲላቸው፣ «ማንም አልሞተ! ፏፏቴ ልናይ ነው!» ብለው ጮኹበትና በቅሎዋን መታ አደረጓት። ሙላት እስክንርቅ ድረስ ከአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ያየን ነበር።

ፏፏቴው ከመታየቱ በፊት ተሰማ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነበርና ውኃው ከገደሉ ላይ እየተወረወረ ጉሙ እስከ መንገዱ ይደርሳል። በጉሙ ውስጥ የማርያም መቀነት ተዘርግቷል። ሥራነሽ ሮጣ ገብታ ከራስ እስከ እግሯ ረጥባ ሳቀች። ባላምባራስ ሊገሥጿት ቀረብ ሲሉ ነፋሱ ውኃውን አምጥቶ በርኖሳቸው ላይ ደፋው። ደንግጠው ቆሙ፤ ከዚያ እሳቸውም ሳቁ። ወይዘሮ ታየች፣ «እንዲህ ሲስቁ ካየሁ ስንት ጊዜዬ!» አሉ።

በቤተ ክርስቲያኗም ጧፋችንን ስንሰጥ፣ ቄሱ መጋረጃውን ገለጡልን። ባላምባራስ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ፊት ብዙ ቆዩ። «ፈረሱ ከጦር ሜዳ የቀረውን አምባላይ ፈረሴን ይመስላል። ዓይኑ ሳይቀር!» አሉ። ለሥራነሽ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ፣ ማን ምን እንደሠራ፣ እጇን ይዘው ተረኩላት። እኔ መምህር ነኝ ባዩ አንድ ቃል አልጨመርሁም።

ከቀትር በኋላ አፋፉ ላይ ደረስን። ምድሩ በድንገት አለቀ። ከእግራችን በታች ገደል በገደል ላይ እየተደረበ ይወርዳል፤ ከታች ዓባይ እንደ ክር ይታያል፤ ማዶው ሰማያዊ ነው። ወይዘሮ ታየች ከበቅሎዋ ወርደው እስከ ጫፉ ሄዱ። በገደሉ ወገብ ላይ ወዳለች አንዲት ዋርካ በእጃቸው አመለከቱ።

«ያች ዋርካ ያለችበት የአባቴ አውድማ ነበር» አሉ።

ወይዘሮ ታየች በስምንት ዓመታቸው ወላጆቻቸው ሞተውባቸው ይጁቤ አጎታቸው ዘንድ ነበር ያደጉት። ታላቅ እኅታቸው ደብሪቱ ግን ከታች እንደ ተዳረች ቀረች። ጣሊያን ከመጣ ወዲህ በሕይወት ትኑር አትኑር ወሬዋም ጠፍቶ ነበር።

«እናቴ፣ ለምን ሄደሽ አልጠየቅሻትም?» አለች ሥራነሽ።

«ሠርግ አልነበረ፣ ለቅሶ አልተሰማ። በምን ጉዳይ ልሂድ?»

ባላምባራስ አንገታቸውን ደፉ። ወይዘሮ ታየች መዳፎቻቸውን በአፋቸው ዙሪያ አድርገው፣ የቆላ ሰው ገደል ለገደል እንደሚጠራራው፣ ድምፃቸውን ስበው፣ «ደብሪቱ ሆይ! ደብሪቱ!» ብለው ተጣሩ። ገደሉ መለሰላቸው እንጂ ሰው አልመለሰም። ደግመው ጠሩ። ሦስተኛ ሲጠሩ፣ ከዋርካው በኩል ቀጭን ድምፅ ወጣ።

«ማነሽ?»

«ታየች ነኝ! የደርቤ ልጅ! ታየች!»

ከገደሉ ሆድ እልልታ ተነሣ! አንድ ድምፅ የነበረው ሦስት፣ አምስት ሆነ። ሥራነሽ ከላይ በእልልታ መለሰች፤ እኔም ሳላውቀው ባርኔጣዬን አውልቄ አውለበልብ ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደብሪቱ ሎሚ በነጠላዋ ቋጥራ፣ እያለከለከች አቀበቱን ወጣች። እኅትማማቾቹ ሲተቃቀፉ ሎሚው ሁሉ ተበትኖ ገደል ገባ፤ የለቀመውም የለም።

ባላምባራስ ወደኔ ዞሩ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«የኔዓለም፣ ከሚስቴ ጋር ከሃያ ዓመት በላይ ኖርሁ። እኅቷ ከቤቴ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ሳለች፣ እኔ ሰው እስኪሞት እጠብቅ ነበር! ስህተቱ የኔ ነው።»

«ስህተትስ አይበሉት፤ ልማድ ነው።»

«ልማድ ከሆነ ዛሬ ተውሁት» አሉ። ያን ሌሊት ደብሪቱ በገደሉ መንገድ ይዛን ወርዳ ቤቷ አሳደረችን።

እንዳሉትም አደረጉ። በሚቀጥለው በዓል ሙላትን ከነሚስቱ ይዘው ወጡ። በመንገድም ሙላት «ይህ ያለ ሥራ መዋል አይሆንብንም?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «አንተ በበዓል ቀን አጥርህ ሥር ተቀምጠህ ሰው ስታማ ከመዋል ምን ሥራ ይዘህ ነበር?» ብለው መለሱለት። ሥራነሽም የመንደሩን ልጃገረዶች እየመራች ሥዕሎቹን እንደ አባቷ ትተርክላቸው ጀመር። ስለ ሸራው ወሬ ሲነሣ ከዚያ ወዲህ አያጓጓትም ነበር።

በዚያው ዓመት በጋ አገሩ በጣሊያን ላይ ሲነሣ፣ አውሮፕላን በመንደራችን ላይ ቦምብ መጣል ጀመረ። ብዙ ሰው የሚሸሽበት አጥቶ በሜዳ ላይ ተንከራተተ። ባላምባራስ ግን መንገዱን ያውቁት ነበር። ቤተሰባቸውንና ጎረቤቶቻቸውን በአፋፉ አውርደው ደብሪቱ ዘንድ አደረሱ፤ አንድ ነፍስ አልጠፋባቸውም።

አንባቢዬ፣ ይህን የምጽፍልህ አገር ማየት የሀብታም ጨዋታ እንዳይመስልህ ነው። የገዛ አገሩን የሚያውቅ ሰው ልጁን ከባዕድ ማባበያ ያድናል፤ ዘመዱን ሳይሞት ያገኛል፤ መከራ ሲመጣ መሸሻ አያጣም፤ በቤቱም ሳቅ ይገባል። ስለዚህ ደምቆ ወደሚታየው ሩቅ ከተማ ከመነሣትህ በፊት፣ በሚመጣው በዓል በሶህን ቋጥር፣ ቤተሰብህን አስከትል፣ ከደጅህ ኮረብታ ጀርባ ያለውን ሄደህ እይ።