ብረት የገባላቸው ሰውዬ

ነይ እስቲ እህቴ፣ ወንበሩን ወደዚህ ሳቢው። ባለቤትሽን ራጅ ሊያስነሱት ወሰዱት አይደል? አይዞሽ፣ ይመልሱታል፤ የሞተር ሳይክል ስብራት እዚህ ቤት እንደ ጉንፋን ነው የሚታየው አሉ። ዛሬ ደግሞ መስኮቱን መክፈታቸው ደግ አደረጉ… ክፍሉ ሁሉ መድኃኒት መድኃኒት ይሸት ነበር። ብርቱካን ልላጥልሽ? ቀስ ብለን እናውራ ብቻ፤ የእኔው ጌታ እንቅልፍ ወስዶታል። ነገ ጠዋት ቁርጭምጭሚቱን ደግመው ሊከፍቱት ነው፣ ይረፍ ብዬ ነው። አየሽው አተኛኘቱን? ዓይኑን እንዲህ ጨምቆ የሚተኛ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?

እና… ዝም ከምንል፣ አንድ የማውቃቸው ሰውዬ አሉ፣ የእሳቸውን ላጫውትሽ። ስም አልጠራም፣ ሐሜት ይሆንብኛል። ደግ ሰው ናቸው። ፋብሪካ ውስጥ ሥራቸው ምን መሰለሽ? ሠራተኛው አደጋ እንዳይደርስበት ማስተማር። ቆብ አድርጉ፣ ጓንት አጥልቁ፣ መሰላል ላይ ስትወጡ እጃችሁን አትልቀቁ… እንዲህ የሚሉ። ጥሩ አስተማሪ ደግሞ በቃል ብቻ አያስተምርም፣ አይደል? አንድ ቀን ሠራተኛውን ሰብስበው፣ በአንድ እጃቸው ድምፅ ማጉያውን ይዘው፣ መሰላሉ ላይ ወጡ። "እጃችሁን አትልቀቁ!" ሲሉ ጣታቸውን ቀሰሩ። በየትኛው እጅ ይመስልሻል? …በቀረው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ፋብሪካ መሰላል ላይ እጁን የለቀቀ ሰው የለም። እንዲህ አድርጎ የሚያስተምር ከየት ይገኛል?

ቁርጭምጭሚታቸው ተሰበረና ብረት በብሎን ታሰረላቸው። ዶክተሩ፣ ይሄው የእኛው ዶክተር፣ "እስክነግርዎ ድረስ በዚህ እግር መሬት እንዳይረግጡ" ብሎ ክራንች አስይዞ ላካቸው። ሚስታቸው… ምስኪን ናት፣ አውቃታለሁ… አልጋውን ሳሎን አወጣችላቸው፣ እንዳያደናቅፋቸው ምንጣፉን አነሳችላቸው፣ ክራንቹ እንዳያንሸራትታቸው ብላ ወለሉን በደረቅ ጨርቅ ስትወለውል ትውላለች። በደረቅ ጨርቅ ነው የምልሽ። ይቺን ያዢልኝ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? እንቁላሉማ ይታገሣል፤ ብረት አላስገቡለትማ! እኚህ ሰውዬ ግን ብረት ገባላቸው። መስኮቱ ላይ የነበረውን የሠርጋችንን… ምን ነካኝ፣ የሠርጋቸውን ፎቶ አንስተው በምትኩ ራጁን ለጠፉት። ጠያቂ በመጣ ቁጥር፣ "ይኸውላችሁ፣ እኔ ግማሽ ብረት ነኝ፤ ከእናንተ አጥንት ይበልጣል" ይሉና በተረከዛቸው ወለሉን ጓ! ጓ! ያደርጉታል። የታች ቤት ጎረቤት በር የተንኳኳ መስሏት "ማነው?" እያለች ሁለት ጊዜ ከፍታለች። ምን ይደረግ፣ ሰው የሚኮራው ባለው ነው።

ኧረ ይሄን ብርድ ልብስ ምን ያንቀሳቅሰዋል? መስኮቱን ገርበብ አድርጊው እስቲ፣ ነፋሱ ነው መሰለኝ።

የት ደረስኩልሽ? አዎ… አንድ ቀን ታናሽ ወንድማቸው ሊጠይቃቸው መጣ። ተተናኳይ ነገር ነው፣ "ብረትም እኮ ይታጠፋል" አላቸው። ይባላል ይሄ? ለባለ ብረት! እሳቸው ክራንቹን ወዲያ ጣሉና ሻይ የሚቀርብባት ጠረጴዛ ላይ ወጡ። የልጅ ልጅ ያዩ ሰውዬ! ሚስትየዋ "ኧረ በፈጠረህ!" እያለች ከኩሽና ስትሮጥ እሳቸው አየር ላይ ናቸው። እንዴት ያለ አዘላለል መሰለሽ፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው… ወረዱ። ወንድምየውም ልክ ሆኖ አረፈው።

እስቲ አሁን አንቺ ብትሆኚ ለዶክተሩ ምን ትይዋለሽ? "ዘልዬ ነው" ትያለሽ። የእኔና የአንቺ አእምሮ እስከዚያው ነዋ! እሳቸው ግን የአደጋ ባለሙያ አይደሉ? መንስኤውን መርምረው አገኙት፦ "ሚስቴ ወለሉን አርጥባ ትታው አንሸራተተኝ።" ዶክተሩ ዞር አለና አብረውት በሚዞሩት የሕክምና ተማሪዎች ፊት፣ "እናት፣ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ባለበት ቤት ውሃ ይደፋል እንዴ?" አላት። ምን ትበል? የልጆቿን አባት በሰው ፊት ውሸታም ልትል ነው? ጣቷን ነክሳ ቁጣውን ተቀበለች።

ይሄስ ያልፋል፣ ቁጣ አጥንት አይሰብርም። የሚያስፈራው ከዚህ ወዲያ ያለው ነው። ዶክተሩ ምን ቢል ጥሩ ነው? "በዚህች መንሸራተት ብረት ከታጠፈማ አጥንትዎ አልያዘም ማለት ነው። ብረቱን ስንቀይር ከዳሌዎ አጥንት ቆርሰን እንጨምርበታለን።" ሰማሽ? ከዳሌ! ከጤነኛው! አንድ የነበረው ቁስል ሁለት ሊሆን፣ ሕመሙ ሁለት፣ ማመርቀዝም ከመጣ በሁለት በኩል፤ ማደንዘዣው ይረዝማል፣ ደም መርጋትም ያሰጋል… አንድ በአንድ አስረዳቸው። ሰውዬው ምን አደረጉ? እሺ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ዘልዬ ነው" ከሚሉ ዳሌያቸውን ይሰጣሉ! ምላስ አጥንት የላትም፣ አጥንት ግን ትሰብራለች ሲባል እሰማ ነበር፤ ከዳሌ መቁረስ መቻሏን ግን ገና አሁን ማየቴ ነው። እንዲህ ለቃሉ የሚቆም ሰው የት ታገኛለሽ? …በአንድ እግሩም ቢሆን።

ሚስትየዋ ፈርታለች። ከትናንት ጀምሮ እህል አልወረደላትም። ለአንዲት ዝላይ ብለው ኦፕራሲዮን ክፍል ገብተው እንዳይቀሩባት ነው የምትፈራው። ራሷ ትናገር ብትዪ፣ "በሰው ፊት አዋረድሽኝ" ብለው ዕድሜ ልካቸውን ሊያኮርፉ ነው… አኩራፊነታቸውን ደግሞ ብታዪው፣ ለእሱም ብረት የገባለት ነው የሚመስለው። ቢሆንም ምርጥ ሚስት ናት፣ እድል ትሰጣለች። ዶክተሩ ለጉብኝት እስኪመጣ ትጠብቃለች። እሳቸው አንዲት ቃል ካልተነፈሱ… ኩርፊያውን ትችለዋለች፤ ስንቱን ችላ የለ? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ንጋቱ ከቀደመ ግን ዳሌ ያስከፍላል።

ውይ፣ የእኔን ጌታ እይልኝ፣ ላብ በላብ ሆነ። በሕልሙ እየሮጠ ይሆናል… እሱ መቼም ተኝቶም አይቦዝንም። ቆይ ግንባሩን ልጥረግለት። በደረቅ ጨርቅ።

ይሄ ኮቴ የዶክተሩ አይደል? ተማሪዎቹም አብረውት ናቸው፣ ያን ዕለት የነበሩት ሁሉ! በይ እህቴ፣ ወንበሩን መልሺው፣ ጨዋታችንን በምርቃት እንዝጋው። ለእኚያ ሰውዬ ማለቴ ነው። ጮክ ብለሽ አሜን በዪ። ፈጣሪ በሰላም አስገብቶ በሰላም ያውጣቸው። ብረቱን በቢላ፣ እውነቱን ያለ ቢላ ያውጣላቸው። ዳሌያቸውን ለመቀመጫቸው ያቆይላቸው። ድነው፣ በሁለት እግራቸው ቆመው ቤታቸው ሲገቡም፣ ዕድሜ ልካቸውን በደረቅ ወለል ላይ ያስኪዳቸው… ልክ እንደዚያን ቀኑ።