ሁለት በዓል የዋለበት አዳራሽ

ሥራችሁን ትታችሁ፣ ደጃችሁን ዘግታችሁ እህታችንን ልትሸኙ የመጣችሁ ወገኖች ሁሉ፣ ድካማችሁን ፈጣሪ ይቁጠርላችሁና፣ ታናሽ ወንድማቸው የማነበውን ጥቂት ታገሡኝ።

ሁላችንም «እትዬ ቁልፍ» እያልን የምንጠራቸው እህታችን ከባቡር ሠራተኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ በላይ ሰፈር፣ ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ትምህርታቸውን በጥሩ ውጤት ሲከታተሉ ቆይተው አባታቸው በድንገት ስላረፉ፣ ታናናሾቻቸው እንዲማሩ ሲሉ የራሳቸውን አቋርጠው በሕዝቡ አዳራሽ በጽዳት ተቀጠሩ፤ ውሎ አድሮም የአዳራሹ ኃላፊ ሆኑ። ቁልፉን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይዞሩ ስለነበር ስሙ ከዚያ ወጣላቸው። የአዳራሹን አግዳሚ ወንበሮች ሊጠግኑ የመጡትን የወንዝ ማዶ አናጢ አግብተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ባለቤታቸው «ከእኔ በፊት ቁልፉን አግብታለች» እያሉ ያሟቸው ነበር።

በዚያ አዳራሽ ቋንቋውም ልብሱም የተለያየ ሕዝብ በየተራው በዓሉን ያከብር ነበር፤ አንዱ ፋኖስ አብርቶ፣ ሌላው ፊቱን ቀለም ተቀብቶ፣ ሌላው ደግሞ ቀኑን ሙሉ በዝምታ ተቀምጦ። እትዬ ቁልፍ ያስለመዱን ደንብ ታስታውሳላችሁ፦ በዓሉ የደረሰለት ሕዝብ ወንበር አያነሣም፣ ውኃ አይቀዳም፤ ጎረቤቱ ይሠራለታል፣ እሱም በተራው ለጎረቤቱ ይሠራል። ዓመታት በዚህ ደንብ በሰላም አለፉ።

የላይ ሰፈር ሰዎች በዓላቸውን የሚቆጥሩት በፀሐይ፣ የወንዝ ማዶ ሰዎች ደግሞ በጨረቃ ነውና፣ አንድ ዓመት ሁለቱ በዓላት አንድ ቀን ላይ ዋሉ። እህታችን ይህን ሳያስተውሉ ለሁለቱም ቃል ሰጡ። ሁለቱም ወገን አምሮ ለብሶ መጣ፤ ሁለቱም ባለበዓል ነውና ወንበር የሚያነሣ ጠፋ። አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ፀሐይ ላይ ቆመው ዋሉ፤ መጠበቁ ንቀት መሰላቸው፣ ንቀቱ ስድብ ወለደ፣ ስድቡ ድንጋይ አስነሣ፤ የአንድ ጎረምሳ ክንድ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ አንዱ በሌላው በዓል የአዳራሹን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም።

እህታችን ጥፋቱ የእኔ ነው ብለው አመኑ፤ ሽማግሌ ቢያስገቡ ሰሚ አላገኙም። የሁለቱንም በዓል ወንበር ብቻቸውን ሲያወጡና ሲያስገቡ፣ ብቻቸውን ሲጠርጉ ወገባቸው ጎበጠ፤ ልጆቻቸው በአባትና በእናት ወገን መካከል እየተሳቀቁ አደጉ። እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ሁሉ እያየን ዝም ብለናል። ልባቸው ታሞ ሐኪም ሥራ እንዲያቆሙ ቢመክራቸውም አልሰሙም፤ ትንፋሽ እያጠራቸው እንኳ ሴት ልጃቸውን የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦

«እሑድ የወንዝ ማዶዎች በዓል አይደል? ወንበሩን ማን ያወጣል?»

በማግስቱም አረፉ።

ዛሬ ጠዋት ለዚህ ለቅሶ ወንበር ሲያስፈልግ አዳራሹ ተከፈተ። በሐዘን ቀን የቀኑ ባለቤት ሐዘንተኛው ብቻ ነውና፣ ሁለቱም ወገን ራሱን አገልጋይ አድርጎ መጣ፤ አንዱ አግዳሚውን በአንድ ጫፍ፣ ሌላው በሌላው ጫፍ ይዘው አወጡት። አውጥተው ሲጨርሱ ግን ወደየወገናቸው ተመለሱ። አሁንም ይኸው፣ ግራና ቀኝ ተለያይታችሁ ተቀምጣችኋል።

እትዬ ቁልፍ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ፣ ሦስት የልጅ ልጆች፣ አንድ ወንድምና ሁለት እህቶች፣ በሁለቱም ሰፈር የሚያለቅስላቸው ብዙ ሰው ትተው ሄደዋል። ቁልፉ ከአንገታቸው ወልቆ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ እሑድም ሩቅ አይደለም። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ባለበዓል ተቀምጦ በሚያርፍበት ቦታ ያኑርልን፤ ለእኛም ለቀረነው ልብ ይስጠን። አሜን።