የጓንግ ዓሣ ውለታ

እኔ የጓንግን ዓሣ ውለታ አልረሳም። በጣሊያን ጊዜ መተማ አጠገብ፣ ጓንግ ወንዝ መሀል ባለች ደሴት ተሸሽገን ሳለ ረሃቡ ጠናብን። ጓደኛዬ ውብሸት ዓሣ የሚያሰክረውን ብርብራ ወቅጦ ውሃው ላይ ሊበትን ሲል፣ የደሴቲቱ ነዋሪ እማማ ዘነቡ ሙቀጫውን ገለበጡበት። «ብርብራ ትንንሾቹንም ይፈጃል። መንጠቆ አለልህ፤ የዕለትህን አውጣ» አሉት። «ጣሊያን ያልገደለኝን እኚህ ሴትዮ ሊገድሉኝ ነው» እያለ ሲነጫነጭ አደረ።

ሲነጋ ጣሊያን ወንዙን ግራና ቀኝ ከቦ ተኩስ ከፈተብን። መሻገሩን ስለፈራ፣ ርቧቸው ይወጣሉ ብሎ ተቀመጠ። እኛ ግን ሸንበቆው ውስጥ ተጋድመን በመንጠቆ እያወጣን እየበላን ሰነበትን። ጣሊያን ሰልችቶት ድንኳኑን ነቅሎ ሲሄድ ፉከራው ቀለጠ። ውብሸት ለድሉ ድግስ ዓሣ ላውጣ ብሎ ሲሮጥ እማማ ክንዱን ያዙት።

«እኛ ተርፈናል፤ ዛሬ ዓሣውም ይትረፍ።»