«በሞቴ» የማይል ሹም

ነገሩ ሁሉ በወር አርባ ብር የሚከፈልበት አንድ ወንበር ነበር። ወንበሩ የሚገኘው ጅቡቲ፣ ከወደቡ አጠገብ፣ ከመርከብ የሚወርደውን የኢትዮጵያ መንግሥት ዕቃ ተረክቦ ወደ ባቡር በሚያሳልፈው ቢሮ ውስጥ ነው። አቶ ባንቲሁን ያንን ወንበር የተመኙት ለወንድማቸው ልጅ ለዘውዱ ነው። ዘውዱ በቢሮው የሠራተኞች ማሠልጠኛ አራት ወር ተምሮ ጨርሷል፤ ትናንት ምደባው ሲነገር ግን ከድንበሩ ወዲያ፣ በረሃ መካከል ወዳለች ጣቢያ ሂድ ተባለ። ወንበሩ ለሌላ ሰው ሆነ።

ስለዚህ ሽማግሌው ቆዳ ነጋዴ በማለዳ መጥተው፣ በሥልጠናና በምደባ ሹሙ በር ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጡ። ሹሙ ከውስጥ ነው። ከአግዳሚው በላይ ያለው መስኮት የእንጨት ርብራብ ብቻ ስለሆነ የብዕሩ ጭረት ይሰማል። የብዕር ጭረት ወደ ውጭ የሚሰማበት መስኮት የሰው ድምፅ ወደ ውስጥ እንደሚያስገባ አቶ ባንቲሁን አልጠፋቸውም። በር ጠባቂው ባሺር አጠገባቸው ቆሟል። ወደ እሱ ዞሩና ድምፃቸውን ከልማዳቸው ትንሽ ከፍ አድርገው ጀመሩ።

«እንዴት አደርህ ባሺር ወንድሜ? ሚስትህ ሱሪያ ደህና ናት? ልጆቹስ? ተመስገን ነው። ሙቀቱ ዘንድሮ አስቀድሞ ገባ አይደል? ጣሪያ ላይ ወጥተን ተኝተን እንኳ ነፋሱ ከምድጃ የወጣ ይመስላል። ይህ አግዳሚ አዲስ ነው እንዴ? ጥሩ አግዳሚ ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ ሰው ቆሞ ነበር የሚጠብቅ፤ አሁን ተቀምጦ ይጠብቃል። ሥልጣኔ ይኸው ነው… መጠበቁ ሳይቀር መቀመጫ መጨመር። እሳቸው ናቸው ያሠሩት አይደል? አውቄያለሁ። ለሽማግሌ የሚያስቡ ሰው ናቸው። ሽማግሌ ከመጣ ብዙ እንደሚቆይ አስቀድመው ያውቃሉ።»

ባሺር ሳል ቢጤ አሰማና ወደ ርብራቡ አየ። ብዕሩ ይጭራል።

«ሥልጠናውንማ ምን ብዬ ላመስግነው? አሥራ አንድ ጎረምሳ ገባ፣ አሥራ አንድ ወጣ። እኔ ከብት ነድቼ እንኳ እንዲህ ሳይጎድልብኝ አስገብቼ አላውቅም። ዘውዱ ማታ ማታ ቤት እየመጣ በእኔ ላይ ይለማመድ ነበር። አንድ ቀን የዕቃ አስተሻሸግ ላሳይዎት ብሎ ሳጥኔን በሽቦና በእርሳስ ማኅተም አሸገብኝ። ሸሚዞቼ ውስጥ ቀሩ። ማኅተሙን መስበር ወንጀል ነው ስላለኝ ሁለት ቀን በአንድ ሸሚዝ ዋልሁ፤ መንግሥት ያሸገውን የምፈታ እኔ ማን ነኝ?

ምደባው ደግሞ ይብሳል… በጎ ነገር ይብሳል ይባላል? ይባል። ያ ጸሐዬ የሚሉት ልጅ፣ ባሕር ገና ከሩቅ ሲያይ የሚያስመልሰው፣ ጀልባ ላይ ሆኖ ዕቃ ይቆጥራል ተባለ። ፈረንሳይኛ እንደ ውሃ የሚጠጣው ተክለወልድ የጨው መጋዘን እንዲጠብቅ ሆነ፤ ጨው በምን ቋንቋ እንደሚያናግሩት እንግዲህ እሱ ይንገረን። እኔ መሃይሙ መጀመሪያ ስሕተት መሰለኝ። ቆይቶ ነው የገባኝ። የሚችለውን ሥራ የሰጡት ሰው ምን ይማራል? እሳቸው ሰውን በማይችለው ላይ አስቀምጠው ዕድሜ ልኩን ያሠለጥኑታል። በአራት ወር የሚጨርስ ሌላ አስተማሪ ነው።

የአርባ ብሩ ወንበርማ ጥሩ እጅ ገባ። የሚስታቸው ወንድም… ስሙ ጠፋኝ። እሱም ማሠልጠኛው የት እንደሆነ አልፎ አልፎ ይጠፋው ነበር አሉ። ታዲያ ምን ያድርግ? ብልህ ልጅ ነው፤ ሌላው ሳምንቱን ሙሉ ለፍቶ የሚማረውን እሱ ሐሙስ ብቅ ብሎ ይጨርሰዋል። ‹ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል› ይሉ ነበር የድሮ ሰዎች። ይህን የተረቱት እሳቸውን ሳያዩ ነው። እሳቸውማ ከደመወዛቸው ሌላ አንዲት ፍራንክ አይነኩም፤ ንጹሕ ናቸው። የሚበላላቸው ሰው ቀጠሩ እንጂ።»

ብዕሩ ቆመ። ወዲያው የጠረጴዛ ደወል ተመታና ባሺር ገባ። ሲወጣ በትንሽ ሰሃን ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዟል፤ ሹሙ የላኩት ነው። የአቶ ባንቲሁን ጉሮሮ ደርቋል። እጃቸው ግን ሳያዙት ብድግ ብሎ ደረታቸው ላይ አረፈ። «በቃኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ፣ ጨዋ ሰው በመጀመሪያው ግብዣ እንደሚለው። ከዚያም «በሞቴ» እስኪባሉ ጠበቁ። ባሺር ውሃው የራሱ ቢሆን ኖሮ ሦስት ጊዜ በለመናቸው ነበር። ወደ ርብራቡ አየ። ከውስጥ ድምፅ የለም። ብርጭቆውን ይዞ ተመልሶ ገባ።

ባሺር እስኪወጣ ጠብቀው ሽማግሌው ሳቁ።

«አየኸኝ? እንደ ጅል ውሃ እየጠማኝ በቃኝ አልሁ። ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ እናቴ ያሠለጠነችኝ ይህንኑ ነው። ሲጋብዙህ በቃኝ በል፤ በሞቴ ሲሉህ ትንሽ ግፋ፤ ሦስተኛው ላይ ጉረስ። በዚህ ትምህርት የሚወዳደረኝ የለም። የዘውዱንም ነገር ያበላሸሁት በዚሁ ነው።

ልጁ ሥልጠና የገባ ዕለት እዚሁ ይዤው መጣሁ። ምን አልሁ መሰለህ? ‹ጌታዬ፣ የእኔ ነው ብለው አያዳሉለት፤ እንደ ማንኛውም ሰው ይቁጠሩት› አልሁ። ሲወጣ ለራሴም ጆሮ ጣመኝ። እንዴት ያለ ሽማግሌ ነው እያልሁ ራሴን እያደነቅሁ ቤቴ ገባሁ። ሰው እንዲህ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ሐረር ያደግኸው አንተ ታውቃለህ፤ ሱማሌው ውሃ ሻጭ ያውቃል፤ ፈረንሳዩም ሁለት ዓመት ከተቀመጠ ይገባዋል። እሳቸው ግን የሽማግሌ ቃል መሬት አያስነኩም። አያዳሉለት አልኋቸው፤ አላዳሉለትም። ከእኔ አፍ ስንት ነገር ወጥቷል… ይህችን መርጠው ጠበቁልኝ። ‹ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል› ነው። እኔ ተናገርሁ፣ እሳቸው ፈረዱ፤ የተቀደደው ልጁ ነው። የሚስታቸው ዘመዶች እኮ በቃኝ አላሉም።

ደግሞስ በእሳቸው ምን ይፈረዳል? በቃኝ ማለትን መቼ ለመዱና! ከባቡር የወረዱ ዕለት አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር፤ እሳቸው ለመባል ገና ነበሩ… ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር ያለው ቤቴ አስገብቼ ምግብ አቀረብሁ። ብላ ስላቸው በሉ። እኔ በሞቴ ለማለት አፌን ስከፍት ሰሃኑ አልቋል። ጣሪያው ላይ ከአልጋዬ አጠገብ ሌላ አልጋ ዘረጋሁ። ተኛ ስላቸው ሦስት ዓመት ተኙ። ያለ ዋስ መንግሥት ቤት አይገባምና ዋስ ልሁንህ አልሁ፤ ሁን አሉኝ። ፊርማ እንኳ ያለማመድኋቸው እኔ ነኝ፣ ያንን ጅራቱ የሚጠመዘዘውን። ስንት ወረቀት አበላሸን… ትናንት በዘውዱ ምደባ ላይ አየሁት ባሺር፤ ጅራቱ እንዴት አምሯል! የእጄ ሥራ ነው ብዬ ኮራሁ። ‹ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ› እያሉ የሚያለቅሱ አሉ። እኔ ምን ያስለቅሰኛል? ጥርሱ ሲበቅል ቆሜ እያየሁ፣ ለምን እንደሚበቅል ሳልጠይቅ ቀርቼ?»

ርብራቡ ከውስጥ ተገፍቶ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

«ደህና አደረጉ፤ አቧራ ነበር። መስኮት ሲዘጋ ግን የእኔ ጆሮ አብሮ ይደፈናል፤ ጮክ ብል አትቀየመኝ።

ዘውዱ ይሄዳል። ቅዳሜ በባቡር። ጣቢያዋ ውሃ የሚመጣላት በባቡሩ ነው አሉ፣ ባቡሩ ካልዘነጋት። ልጁ ‹ልቅር፣ ከእርስዎ ጋር ቆዳ ልነግድ› አለኝ። አይሆንም አልሁት፤ አራት ወር የለፋበትን ይሥራበት። እኔም ዛሬ የመጣሁት ልለምን ነበር። አልዋሽህም፣ በሩ ቢከፈት ጉልበት ልስም ነበር። አሁን ተቀምጬ ሳስበው ግን፣ ብገባ ከአፌ የሚወጣው ያው ‹እርስዎ እንዳሉ› የሚለው ነው። እሳቸውም እንዳልሁት ያደርጉታል። ስለዚህ ባልገባ ይሻላል።

ሒሳቤን ግን ስማኝ፤ ሳላወራርድ ከሰው ደጅ ተነሥቼ አላውቅም። አርባ ብሩን ተወው፤ ልጁ ጎረምሳ ነው፣ ሌላ ያገኛል። የከሰርሁት፣ ሲመሽ ጣሪያ ላይ ዘውዱ ‹አባባ፣ ተኙ እንዴ?› የሚለኝን ድምፅ ነው። ሚስት ቀበርሁ፣ ልጅ አልወለድሁ፤ የቀረኝ እሱ ነበር። ትርፍ ደግሞ አለኝ፤ አላማርርም። ሰው ማሳደግ እንደምችል አወቅሁ። አንዱን ከጣሪያዬ አንሥቼ እስከ ሹመት አደረስሁት። እዚያ የደረሰ ሰው ቁልቁል ሲያይ የእኔ ጣሪያ ባይታየው፣ ከፍታው ነው እንጂ ዐይኑ ምን ሆነ? ትርፉ የእሳቸው፣ ባዶው አልጋ የእኔ። ተወራረድን።»

አቶ ባንቲሁን ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካከሉና ሁለት እጃቸውን ወደ ባሺር ዘረጉ፣ እንደሚመርቅ አባት።

«እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጣቸው፤ እንደ እኔ ይሸምግሉ። ያሠለጠኗቸው ልጆች ይደጉላቸው፣ ይሾሙላቸው፤ አንዱም ሳይቀር እሳቸውን ይምሰሉ። እሳቸው የእኔን ቃል እንደጠበቁልኝ፣ እነሱም የእሳቸውን ይጠብቁላቸው። በስተርጅና የቸገራቸው ዕለት የሚሄዱበት ደጅ አያጡ… ከውስጥም ልክ እሳቸውን የመሰለ ሰው ይቆያቸው። ባሺር፣ አሚን በል እንጂ፤ ለሹምህ እኮ ነው የምመርቀው።»